የቅዳሜ ዋጋ

ጥቅምት 9

ለተከበርሽው አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ ሙሉ፣ ወገብሽም የማይነዘንዝሽ ይሁን። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

በሰው አገር የትምህርቴን አራተኛ ዓመት ጀመርኩ። ክፍልም ቀይሬያለሁ። አዲሱ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ነው፤ ማሽኖቹ ሲሠሩ ወለሉ ይሞቃል፣ ሲቆሙ ይቀዘቅዛል። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ኩሽናው የጋራ ሲሆን ማቀዝቀዣው ውስጥ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መደርደሪያ አለ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካበት ሁሉም በየራሱ ላይ ወረቀት ለጥፏል። አራት ነን። የሦስቱንም ኮቴ ለይቻለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኛቸው ግን በመልክ የማውቃቸው አይመስለኝም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ስለ ዋጋ ንረት ነው፤ በአንድ ሠፈር ገበያ ውስጥ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እንዴት እንደሚሄድ። የመንግሥት ቁጥር የአገራችንንና የየከተማውን አማካይ እንጂ የአንድ ጉልት ዋጋ አይናገርም። እኔ የምፈልገው የኛን ሠፈር የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም።

የምትይዥልኝ ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ሳሙናና ከሰል ነው። ሁልጊዜ ከእነዚያው ሻጮች፣ በዚያው መስፈሪያ። ባትገዢም ጠይቂ። ግምት አይሆንም፤ የጠሩልሽን እንዳለ ጻፊው። ወሩ ሲያልቅ ትልኪልኛለሽ።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል። እዚህ ያለ አንድ የጥናት ቢሮ በየዓመቱ ከትምህርት ክፍላችን አንድ ተመራቂ ይቀጥራል። ማንን እንደሚወስድ የሚወስነው በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፉን አይቶ ነው። ያንን ቦታ ካገኘሁ ያንቺ የስፌት መኪና ያርፋል።

በባለሱቁ ስልክ አልደውልም። ባለፈው ሳወራሽ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሲያስሉ ይሰማኝ ነበር።

ልጅሽ


ኅዳር 4

የኔ ሚጡ፣

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ከበሽታም ከምቀኛም ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና፣ ቤቱም ደህና።

ያልሽውን ጀምሬያለሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሽንኩርት ሻጯ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዝም ብላ ነገረችኝ። በሁለተኛው "ትገዢያለሽ ወይስ ልትቆጥሪን ነው የመጣሽው?" አለችኝ። በሦስተኛው እርሳስና ወረቀት ሳወጣ አየችና ለከሰል ሻጩ "ሚኒስትሯ መጣች፣ ተነስ" አለችው። አሁን ገበያው በሙሉ ሚኒስትሯ ነው የሚለኝ። የማይቀልደው ዘይት ነጋዴው ብቻ ነው፤ ግብር የሚጨምርበት ሰው መስዬው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳኛል።

ዋጋውን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። እንደምታይው ዘይት በየቅዳሜው ጨምሯል። ስኳር ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ ዋጋውን ቀይሮ መጣ። ዱቄትም እንደዚያው። ሻጮቹ የሚሉት ገና ይጨምራል ነው። ስፌት ቤቱ ግን ለአንድ የተማሪ ዩኒፎርም የሚከፍለን ያንኑ የዱሮውን ነው። ሰብሰብ ብለን ባለቤቱን ጨምርልን ብንለው ክር በስንት እንደሚገባ፣ ቁልፍ በስንት እንደሚገባ እየዘረዘረ ብሶቱን ዘረገፈልን፤ እኛው አዝነንለት ወጣን።

ኢኮኖሚክስ ማለት የአስቤዛ ነገር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ርቀሽ ባልሄድሽ፤ እዚሁ ኩሽና ውስጥ አስመርቅሽ ነበር።

አብረውሽ ከሚኖሩት አንዷን እንኳ ሰላም በያት። ሰው እንዴት በኮቴ ይተዋወቃል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 10

ለውድ አክስቴ፣

ባለሽበት ሰላም ላንቺ ይሁን።

የላክሽውን ዋጋ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቼ ሳየው ደነገጥኩ። ለጽሑፌ ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን በዚህ ላይ ምን እየበላሽ ነው? ስፌት ቤቱ የሚከፍልሽን አውቃለሁ። ደምሬ ቀንሼ አየሁት፤ አይደርስም።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ከሥሬ ያለው ልብስ ማጠቢያ ቤት የእሑድ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ ገባሁ። የሆቴል አንሶላ ነው የምንተኩሰው። አንድ ሰው ከዚህ ጫፍ ያስገባል፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይቀበላል። ማሽኑ ስለሚጮህ መነጋገር የለም፤ ራስ በመነቅነቅ ነው የምንግባባው። በእንፋሎቱ እጄ ትንሽ ተቃጠለ እንጂ ምንም አልሆንኩም። የመጀመሪያውን ክፍያ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ስኳርም ዘይትም እንዳትተዪ።

እርግጥ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያዳፋኛል። የስታቲስቲክሱን ፈተና እንዳሰብኩት አልሠራሁትም። በሚቀጥለው አካክሰዋለሁ።

ስለ ሰላምታው ምክርሽን ሰምቼ ኩሽና ውስጥ አንዷን ደህና ዋልሽ አልኳት። መደርደሪያዋን የነካሁባት መስሏት ማቀዝቀዣውን ከፍታ አየች።

የታኅሣሥን ዋጋ እጠብቃለሁ።

ልጅሽ


ጥር 6

የኔ ሚጡ፣

ጤና ይስጥሽ፤ እጅሽን ይማርልሽ። የላክሽውን ገንዘብ ሰውየው አድርሶልኛል። ሁለተኛ እንዳትልኪ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ገበያው ረገበ። ዘይቱ ወረደ፣ ስኳሩም እንደ ልብ ነው። ዱቄት ጨምሮ የነበረውን ትቶ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ወረቀቱን ስታይው ትደሰቻለሽ። እንግዲህ ለኔ ብለሽ የገባሽበትን የእሑድ ሥራ ነገ ዛሬ ሳትዪ ተዪው። አንሶላ ልትተኩሺ አይደለም የላክሁሽ። አንሶላ መተኮስ ከሆነ እዚህም ብረት አለ።

ትልቁን ክፍል ለአንድ ፀጉር አስተካካይ አከራየሁት። ለብቻዬ ሰፋኝ። ምሽት ላይ ድምፅ ያለው ነገር ቤት ውስጥ ሲኖር ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ማፏጨት ይወዳል። እኔ የስፌት መኪናው ካለበት ክፍል አልጋዬን አስገብቻለሁ። ሌሊት ስገላበጥ ፔዳሉን እነካውና ይንቀሳቀሳል፤ ሥራ የገባሁ ይመስለኛል።

ፈተናሽን እይ። ስለ እኔ አታስቢ።

አክስትሽ


የካቲት 12

ለአክስቴ፣ በጤናና በዕድሜ ለምትሰነብችልኝ፣

የጥርን ወረቀትሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የእሑዱን ሥራ ትቻለሁ። በሰዓቱ እተኛለሁ፤ ሁለተኛውን የስታቲስቲክስ ፈተና ከክፍላችን ሁለተኛ ሆኜ አለፍኩ።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ልንገርሽ። የመንግሥቱ ቁጥር እንደሚለው በዚያው አካባቢ ባሉት ከተሞች ሁሉ ዋጋው መጨመሩን አላቆመም። የኛ ሠፈር ብቻ ነው የቆመው። ለአማካሪዬ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና "ይህን ማነው የሰበሰበው?" አሉኝ። አክስቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ላቧን ጠብ አድርጋ እየዞረች ነው አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት መረጃ በቢሮ ሰው አይገኝም አሉ።

ከእንግዲህ የኔ ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው ሳይሆን ለምን አልጨመረም የሚለው ሆኗል። እባክሽ አስቢበት። ከሌላው ገበያ በምን ይለያል? ነጋዴዎቹ ከየት ነው የሚያመጡት? ተስማምተው ነው? አንድ ሰው ያዛቸዋል? ሽንኩርት ሻጯንም ጠይቂልኝ።

እዚህ ብርዱ ጠንክሯል። ከቤተ መጻሕፍት የምወጣው ሲዘጋ ነው፤ ክፍሌ ለመግባት አልቸኩልም።

ልጅሽ


መጋቢት 15

የኔ ሚጡ፣

ሁሌም ወደ ላይ ያድርግሽ። ስላለፍሽው ፈተና ስሰማ ለስፌት ቤት ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ ባለቤቱ ሳይቀር "እኛስ መቼ ነው የምናልፈው" አለ።

የጠየቅሽኝን እንዴት ልመልስልሽ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ገበያው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ሻጮቹ ለሚያውቁት ሰው ዋጋ መጨመር ያፍራሉ። ዛሬ ጨምረውበት ነገ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። እኔ ደግሞ ወረቀት ይዤ ስዞር ትንሽ ሳይፈሩኝ አልቀሩም። ምናልባት በዚህ ይሆናል። ሌላ ምን አውቃለሁ።

ለሥራ ስትጠሪ የምትለብሽው ኮት ሰፍቼልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ጨርቁ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ነው፤ የተማሪ ቤት መሆኑን እዚያ ማን ያውቃል። ስትሄጂ የወሰድኩትን የልክሽን ወረቀት ነው የተጠቀምኩት። ገበሩን በደንብ አድርጌዋለሁ። ስትቀመጪ የታችኛውን ቁልፍ ፍቺው።

የዚህን ወር ዋጋም አያይዤልሻለሁ። እንደ ባለፈው ነው።

አክስትሽ


ሚያዝያ 20

ለምወድሽ አክስቴ፣

እጅሽ ይባረክ። ኮቱ ደረሰኝ። ትከሻው ትንሽ ሰፋ ብሎኛል፤ አሁን ፋሽኑ እንደዚያ ነው።

የላክሽልኝ መልስ ጽሑፌን አዳነው። "ለሚያውቁት ሰው ዋጋ መጨመር ያፍራሉ" ያልሽውን ይዤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩበት። ሰው ከሰው ጋር ያለው ቅርበት ዋጋን ሊይዝ ይችላል ነው የምለው፤ ሻጭ ትርፉን ከጎረቤቱ ዓይን ጋር ያመዛዝናል። ከየመጽሐፉም ደጋፊ ፈልጌለታለሁ። አማካሪዬ ምዕራፉን አንብበው በዚህ ዓመት ካነበቧቸው ሁሉ የተሻለ ነው አሉኝ። እሳቸው እንዲህ አይናገሩም። ክፍሌ ገብቼ የምነግረው ሰው ፈልጌ ነበር። ኩሽናው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ሻይ አፍልቼ ቆሜ ጠጣሁና ገባሁ።

የጥናት ቢሮውም ጠርቶኛል። በኮትሽ ሄድኩ። ሦስት ሆነው ጠየቁኝ፤ አንዷ ሴትዮ ከገበያው በስተቀር ሌላ አልጠየቀችኝም። የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ሰው ነው ብላ ሸኘችኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ይጠሩኛል፤ ያኔ የሚያወሩት ስለ ደመወዝ ነው ይባላል።

ጽሑፉን ባለፈው ሳምንት አስገባሁ። ከፊት ባለው ገጽ ላይ መረጃው በሙሉ ከቦታው የተሰበሰበና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ያንቺም ውለታ ተጠቅሷል። ተከታዩ ገጽ ላይ "ለአክስቴ" ይላል።

ልጅሽ


ግንቦት 25

ለአክስቴ፣

ሰላምሽን እመኛለሁ። ላለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልመጣም። የሚያዝያ ዋጋም አልደረሰኝም፤ እሱ እንኳ አሁን አያስፈልግም፣ ጽሑፉ ገብቷል። ግን አሞሽ ነው? ወገብሽ ነው? ትናንት በባለሱቁ ስልክ ደወልኩ። ባለሱቁ አየኋት፣ ደህና ናት፣ ግን ቸኩላ አለፈች አለኝ። ወረፋ ላይ ያሉት አላሳሉም።

ጽሑፌን ሰኔ መጨረሻ ላይ በጉባኤ ፊት አቀርባለሁ። ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

ልጅሽ


ሰኔ 8

የኔ ሚጡ፣

ደህና ነኝ። አላመመኝም። ስጀምረው እየተውኩት፣ ስጀምረው እየተውኩት ነው የቆየሁት።

ፈርሜያለሁ ብለሽ ስትጽፊ ነው የደነገጥኩት። ለዋጋ ፊርማ ይፈለጋል ብለሽ መች ነገርሽኝ። እኔ ለትምህርት ቤት የሚሰጥ የቤት ሥራ ነው ብዬ፣ አስተማሪው አይቶ የሚጥለው።

ዋጋው አልወረደም። አንድም ቀን አልወረደም። በኅዳር የላክሁልሽ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እኔ የጻፍኩት ነው። እውነቱን ብጽፍልሽ እጅሽን አቃጠልሽ፣ ፈተናሽን ጣልሽ። ታዲያ ምን ላድርግ? ዘይት ጨመረ ባልኩ ቁጥር አንቺ እሑድሽን ልትሸጪ ነው። ስለዚህ ዘይቱን አወረድኩት። እጄ ላይ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ለምን አልጨመረም ብለሽ ስትጠይቂኝ ደግሞ ጨነቀኝ። የሰጠሁሽ ምክንያት ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣልኝ ነው። ለማንም አያፍሩም። እኔንም አልፈሩም።

እውነተኛውን አሁን ላኪልኝ ትዪ ይሆናል። የለኝም። የትኛው ቅዳሜ ስንት እንደነበረ አላስታውስም። የማስታውሰው ምን ምን እንደተውኩ ነው። በመጀመሪያ ስኳር ተውኩ። ቀጥሎ ዘይት በሊትር መግዛት ትቼ በብርጭቆ አደረግሁት። ምስሩን በሳምንት አንድ ቀን። ሳሙናውን ለልብስ ብቻ፣ ለገላ ፀጉር አስተካካዩ የተረፈውን ይሰጠኛል። ከሰሉን ከሱ ጋር በጋራ። ከመጋቢት ወዲህ ገበያ መሄዱንም ተውኩት፤ ሳይገዙ መመለስ ያሳፍራል። የመጋቢቱን ወረቀት የጻፍኩልሽ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጬ ነው።

ይህ የተማርሽውን ያበላሽብሽ እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ማንም አይጠይቅሽም ከሆነ ዝም በይ። ይጠይቁሻል ከሆነ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት በያቸው፤ ያልተማረች ናት በያቸው።

አክስትሽ


ሐምሌ 22

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ አየሩ ሞቅ ብሏል። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በሩን ቀለም ቀባው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ምንም አትጨነቂ። በኢኮኖሚክስ መረጃ ላይ ስህተት ያለ ነገር ነው፤ ማስተካከያ ይደረግለታል። ለአማካሪዬ ነግሬያቸው ቀላል ነገር ነው አሉኝ። ጽሑፉ እየታየ ነው። የጥናት ቢሮው ቦታውን ለሌላ ሰጥቶታል፤ ያ ግን ካንቺ ጉዳይ ጋር አይገናኝም፤ ብዙ ተወዳዳሪ ነበረ፣ የበለጠ ልምድ ያለው ወሰደው። ሌላ ቦታ እያመለከትኩ ነው። እስከዚያው የማግዛቸው ሰዎች አሉ።

አሁን የሚያሳስበኝ ያንቺ ነገር ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው እጅ ጥቂት ልኬያለሁ። ስኳር ግዢ።

ልጅሽ


ነሐሴ 19

ለልጄ፣

ጤናሽን ብቻ ይጠብቅልኝ።

የላክሽውን ተቀብያለሁ። ስኳር ገዛሁ፤ ግማሹን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት፣ የሳሙና ዕዳ ነበረብኝ።

ደብዳቤሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ደስ አለኝ። ማታ እንደገና አነበብኩት። ጠዋት ደግሞ ሥራ ቦታ ቁልፍ እየተከልኩ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ይህ አጻጻፍ የኔ ነው። ጥርም መጋቢትም እንደዚህ ነው የምጽፍልሽ የነበረው። መጀመሪያ ሁሉ ደህና ነው ይባላል። ከዚያ የማይረባ ወሬ ይመጣል፤ የኔ የሰውየው ፉጨት ነው፣ ያንቺ የበር ቀለም። ዋናው ነገር መሐል ላይ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። ከዚያ ቶሎ ስለ ሌላው ሰው ይጠየቃል።

አንቺም ቀንሰሽ ጻፍሽልኝ።

አልተቆጣሁም። ከማን እንደተማርሽው አውቃለሁ። ግን እኔ በዚህ መንገድ ስሄድ የት እንዳደረስኩሽ አየሁት፤ በዚያው መንገድ ደግሞ አንቺ ስትመለሺበት ዝም አልልም። ትክክለኛውን ላኪልኝ። እችለዋለሁ። ከእውነቱ ይልቅ ያደከመኝ ማታ ማታ የሚመጣልኝ ግምት ነው።

አክስትሽ


መስከረም 14

አክስቴ፣

ትክክለኛው ይኸውልሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጽሑፉን ከማቀርብበት ሳምንት አስቀድሞ ነው። አማካሪዬ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። ሲያበቃ ተነስተው በሩን ዘጉና "ሠፈሩ ትንሽ ነው፣ ማንም ሄዶ አያጣራውም" አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ያን ያህል ደክሜበት ስለነበረ ነው። ከዚያ ውሳኔው ያንቺ ነው አሉኝ።

ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። ጉባኤው ፊት የማሳየውን ሰንጠረዥ ግን ባየሁት ቁጥር፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ ላይ አንቺ ዘይት በብርጭቆ ስትገዢ ነው የሚታየኝ። በዚያ ላይ ጣቴን ጠቁሜ "እዚህ ላይ ዋጋው እንዳልጨመረ እናያለን" ማለት አልቻልኩም። ጽሑፉን መልሼ ወሰድኩት።

ለጥናት ቢሮውም ራሴ ነገርኳቸው። ለሁለተኛው ጥሪ ሄጄ ከመቀመጤ ተናገርኩ። ሴትዮዋ አመሰገነችኝ። ሌሎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም። የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ወሰደው ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ማን እንደወሰደው አላውቅም።

አልተመረቅሁም። አዲስ ጽሑፍ ለመጻፍ አንድ መንፈቅ ፈቅደውልኛል። አሁን የምጽፈው ሰዎች አስቀድመው ባሳተሙት ቁጥር ላይ ነው፤ ማንም አያነበውም፣ ያልፋል። የማግዛቸው ሰዎች አሉ ያልኩሽ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ነው፤ አሁን ከእሑድ እስከ እሑድ እገባለሁ።

ተናድጄብሽ ነበር። በሰኔና በሐምሌ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። በዋጋው አይደለም። ከመኪናሽ ፊት ተቀምጠሽ ለብቻሽ ስትቀንሺ፣ እኔ እዚህ አምኜሽ ለብቻዬ በመሳቄ ነው። አሁን ንዴቱ የለም።

አንቺ የተውሽውን በተራ እንደጻፍሽልኝ እኔም ልጻፍልሽ። መጀመሪያ የተውኩት ኩሽናውን ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ዳቦ እበላለሁ። ቀጥሎ የክፍል ጓደኞቼን፤ እነሱ ተመርቀዋል፣ ሲያገኙኝ ምን እንደሚሉኝ ይጨንቃቸዋል። ከዚያ አማካሪዬን፤ በሌሉበት ሰዓት ቢሯቸው በር ሥር ወረቀት ትቼላቸው እሄዳለሁ። ሥራ ማመልከት ትቻለሁ፤ ሌላ ቦታ እያመለከትኩ ነው ያልኩሽም ውሸት ነው። ማሽኑ ጋ የሚቀበለኝ ሰውዬ አሁንም በራስ ነው የሚያናግረኝ። ድምፄን የምሰማው ከአውቶቡስ ስወርድ ለሹፌሩ አመሰግናለሁ ስል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን እሱም ሳይወጣልኝ ቀረ። በሩ ተዘግቶ አውቶቡሱ ሲሄድ እዚያው ቆሜ አንድ ጊዜ አመሰግናለሁ አልኩ።

ልጅሽ